የውሰት መዝገብ

ስሟ መርሳ ነው እንጂ፣ መርሳትን አልቻልኩባት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ያዥ ሆኜ ኖርኩባት፤
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለች
ቆርቆሮ ክዳን ክፍል፣ "ቤተ መጻሕፍት" በተባለች።

ኃይለኛ ነበርኩ፣ አልዋሽም። ቀይ እስክሪፕቶ ስጨብጥ
እጄ አይራራም ነበረ፤ ቀን ላሳለፈ ልጅ ፊት አልሰጥ።
"ዘሀራ ሙሄ፣ ሦስት ሳምንት። አበጋዝ ደምሌ፣ ሁለት ወር።
ስንዱ ይማም፣ አንድ ዓመት!" እያልኩ በሰልፍ ስዘረዝር
ልጆቹ አንገት ይደፋሉ፤ እኔ እንደ ዳኛ እኮራ፣
መጽሐፍ ያስቀረውን ሁሉ "ሌባ" እያልኩ ስጣራ።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ብርቱካኑ ሳይለቀም ረገፈ፤
ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍየሉን ጎትቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ አለፈ።
ሚስቴ ድስትና እህል ይዛ በጓሮ በር ስትወጣ
እኔ መዝገቡን በብብቴ፤ እስከ ዛሬ አለብኝ ቁጣ።

ስንመለስ በሩ የለም፣ መደርደሪያው የለም፤
ለሻይ ማፍያ ነዶ አልቋል ያ ሁሉ ወረቀትና ቀለም።
አመዱን በእጄ ዘገንኩት፤ ቀላል ነው፤ ጠርጌ ሰበሰብኩት፤
አንድ ሺህ መጽሐፍ በአንድ የዘይት ጣሳ ሰፈርኩት።
ማን እንዳነደደው አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱ ይለያያል፤
አንዱ ወደዚያ ይጠቁማል፣ አንዱ ወደዚህ ያያል።

ማታ በኩራዝ ገለጥኩት፤ አርባ አንድ ስም፣ ቀይ ያሰመርኩባቸው፤
ያ ሁሉ የሰደብኳቸው፣ ቀን የቆጠርኩባቸው፤
መጻሕፍቱ እነሱ ቤት ናቸው! እሳት አላገኛቸው!

ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
የትናንቱን ስድቤን በየደጃፉ ልለቅም ፈልጌ።
ዘሀራ የሳይንሱን ከዱቄት ዕቃ ውስጥ አወጣች፤
ስንዱ የተረቱን፣ ሽፋን የለው፣ እያፈረች አመጣች፤
"ቅጣቱ ስንት ደረሰ?" ስትለኝ ቃል አጥቼ ቆምኩ፤
"አብሽሪ" ብቻ አልኳት፤ ወደ አጥሩ ዞሬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ጋሽ ደምሌ ራሳቸው መጡ፣ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልለው፤
"ሁለት ወር ብለህ ጽፈህበታል፤ አሁን ሁለት ዓመት በለው።"
ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ የማሽላ ቅጠል ምልክት ነበረ፤
ታሪኩን እዚያ ድረስ ይዞት፣ አበጋዝ ከዚያ ክረምት ቀረ።

የመጨረሻውን ገበሬ አመጣው፣ ከምሽግ አፈር ቆፍሮ፤
ከሲታ ጽሕፈት፣ በእርሳስ፣ ኅዳጉ ላይ ሰፍሮ፦
"እዚህ ደርሻለሁ። ልንሄድ ነው። አዝናለሁ መጨረሻውን ሳላይ።"
ስም የለው፣ ወገን የለው፤ ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ።
መምህር እንድሪስ "ቅደደው" አለ፤ ወንድሙን ቀብሯል፣ አልፈርድበትም።
እኔ ግን መዝገቡን ከፍቼ፣ በሰማያዊ፣ ቀይ አልነካሁበትም፣
"ስሙ ያልታወቀ አንባቢ" ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፤
"የመመለሻ ቀን" የሚለውን ባዶ ተውኩ።

ዛሬ ቅጣት የለም። "ውሰዱ" እላለሁ፣ "ቤታችሁ ይደር፤
እናት ትስማው፣ ጎረቤት ይዋሰው፣ ከሰው ሰው ይዙር፤
አንድ ቤት የተከማቸ ለአንድ ክብሪት ነው የሚገብር።"

ጋሽ ደምሌ ፊደል አልቆጠሩም። በገበያ ቀን ግን ይመጣሉ፤
አህያቸውን ከማንጎው አስረው፣ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ።
ዘሀራ፣ ያቺ "ሌባ"፣ ታነብላቸዋለች፣ ከገጽ ስልሳ አራት፤
እንድሪስ ደብተር የሚያርም መስሎ ይሰማል፣ ሳይቀመጥ፣ በኩራት።
ስትፈጥን ግን እጃቸውን ያነሳሉ፤
"ቀስ በይ፣ ልጄ" ይላሉ፣
"ቀስ። ቶሎ እንዳያልቅብን።"