«ሞክር» ወይስ «ጫን»

ሁለት መስኮት አለኝ በሚዛኑ ቤት፤
አንዱ ባሕር ያያል፣ ጭጋግ ሲገባበት፣
አንዱ ከጠረጴዛው፣ ኪሎ ሚጻፍበት።
የባሕሩን መስኮት በየቅዳሜው እወለውላለሁ፤
ያኛውን ግን፣ ልናዘዝ፣
በጣት ስነካው እንኳ የሚሰበር ይመስል እፈራለሁ።

አሥራ አራት ዓመት ነው።
ቬስትማና ወደብ ከገባው ዓሣ ሁሉ
በዚህ መስኮት ያላለፈ የትኛው ነው?

ሰሞኑን ግን ከፍቼ ሥራ ልጀምር ስል
ማስታወቂያ መጣ በስክሪኑ መሐል፤
«ከጥቅምት በኋላ ጥበቃ የለም» ይላል።
ከሥሩ ቁልፍ አለ፦ «በኋላ አስታውሰኝ»።
ደግ ቁልፍ ናት እሷ፣ ቀን የምታውሰኝ፤
ሰባት ቀን ተበደርኩ፣
ወለዱ ስንት እንደሁ ማንም ሳይነግረኝ።

የእህቴ ልጅ ብራንዱር ከቶርስሃውን መጣ፣
ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንድ ፍላሽ አወጣ።
ላዩ ላይ ወፍ አለ፣ ክንፍ ያለው የማይበር፤
የገደላችን ፓፊን ቁርጥ፣
ሚኒስትር ሆኖ የተሾመ ነገር።
«አክስቴ» አለኝ፣ «ነጻ ነው፣ ማንም አይሸጠው፤
ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ የሚያየው።»
እኔ የማውቀው ኮድ፣ ዓሣው፣
በበረዶ ሣጥን ተጋድሞ ነው አፉን የሚከፍተው።

ፍላሹን ሰካና አስነሣ።
ሁለት ቃል ወጣ፦ «ሞክር»፣ «ጫን»።
መጫኑን ለኔ ተዉት! ስጭን ነው የኖርኩት፤
ሣጥን በሣጥን ላይ፣ ሣጥን በመኪና።
የማላውቀው ማራገፉን ነው፤
ይኼ ልጅ አዲሱን ሲጭንብኝ
አሮጌው የት ሊራገፍ ነው?
«ሞክር» አልን፣ ለጊዜው።

እንግዳው ገባ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣
ምንም ዕቃ ሳይነካ፣ ጥግ ይዞ፣ ተጠንቅቆ።
ድሮ ማሽኔን አብርቼ
ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ስኒዬን ሳጥብ ነበር የሚነቃ፤
ዛሬ ማንቆርቆሪያው ሳይሞላ እሱ ነቃ።
ትንሽ ቅር አለኝ። ሻዬን ቀማኝ በቃ።

ሚዛኑ ግን ዘጋው።
አምራቹ ፋብሪካ ከከሰረ ቆይቷል፤
ከአሮጌው መስኮት ጋር እንደ ቆዩ ባልና ሚስት
በግማሽ ቃል ይግባባል።
ለዚህ ለባዳው ግን፣ የትሮንዱርን ሣጥን ጭነንለት
«ዜሮ» ይላል።
ትሮንዱር ከበሩ ቆሞ፣ ከቦቲው ውኃ እየወረደ፣
«ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ነው ያጠመድኩት?» አለ።

ብራንዱር ሦስት ሰዓት ጻፈ፣
ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል፣ እንደ አመዳይ።
ሲመሽ ሚዛኑ አፉን ፈታ፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ አንድ ሣጥን ላይ!
አርባ አንድ ነጥብ ሁለት ነበር፤ ነጥቧ ጠፍታ ነው።
ትሮንዱር ሣቀ። «ራንቫ፣ ይኸኛውን ጫኚው!»

አሁን ሌሊት ነው። ብራንዱር መረብ ላይ ተኝቷል።
ፍላሹን ነቀልኩት፤ አሮጌው እያቃሰተ ተነሥቷል።
የሚሻገረውን ከማይሻገረው ልለይ ብዬ
የጀልባዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ፣
በእስክሪብቶ መገልበጥ ጀመርኩ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆምኩ።
«ሎሙር» ይላል።
የመጨረሻ ሚዛን፦ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ፣
ማክሰኞ፣ በየካቲት።
ከዚያ ወዲያ መስመሩ ባዶ ነው።
ማሽን ሞት አያውቅም፤ አሁንም ሣጥናቸውን ይጠብቃል።
የሰጠመ ጀልባ ይጫናል?
ብራንዱርን ብጠይቀው
«አንድ መስመር ናት አክስቴ፣ ምን ትከብዳለች?» ይላል።

ማስታወቂያው መጣ፣ ስምንተኛው።
ጣቴ እዚያች ደግ ቁልፍ ላይ ሄደ፣ ቆየ፣ ተመለሰ።

ሎሙርን ጻፍኩት።
ከዚያ ልጁን በቦቲዬ ጫፍ ነካ አደረግኩት፦
ተነሥ አንተ፣ ያቺን ነጥብ ፈልግልኝ።
እሷን ካገኘሃት
ጫንልኝ።