ጠርዙን አጥብቀው

ኮምቦልቻ ሌሊት ነው፤ ሙቀቱ አልበረደ።
ኮምፒዩተሬ ላይ አንድ ዓይን መቶ ጊዜ ተቀደደ።
የጦይባ ነው፣ ግራው። ልኩን በፍላሽ ይዤ
ከደሴ ሐረጎን ወርጄ፣ በጭጋግ ተጉዤ፣
በሦስት ማዕዘን ፍርግርግ ሸምኜ አቆምኩት፤
ብሌኑን ከነጩ፣ ሞራውን ለየሁት።

የቢላውን ስፋት ከግፊቱ ቁጥር ሳጋጥም፦
የት ቢከፈት ነው ሲሽር ብሌኑን የማያጣምም?
ከላይ? ከቀኝ? ትንሽ ዘም ቢል ወደ ጎን?
በሷ ላይ አንዴ ነው፤ እዚህ ግን
ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ጠብታ ደም አልፈሰሰ፤
የጠፋ ዓይን በአንድ ቁልፍ ወደ ቦታው ተመለሰ።

መቶ ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፤
ስክሪኑ ጠቆረ፣ ዓይኑም አብሮ ተጋረደ።
«እንዲህ ነው የምታየው» ብዬ በስንፍናዬ አሰብኩ።
ኋላ ብነግራት ሳቀች፤ አፈርኩ።
«ጥቁር አይደለም ልጄ። ጉም ነው፤ የጦሳ ጉም።
ሐምሌ ይወርዳል፤ የኔው መስከረምም አይገልጠውም።»

ጦይባ ይመር፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
የተበጠሰ ክር ከሩቅ የምትለይ ሴት።
ዛሬ የመርፌ ቀዳዳ ይቅርና የበኩር ልጇን
በሳሉ ነው የምትለየው፣ አየር ላይ ዘርግታ እጇን።

ማክሰኞ መጣች። ስክሪኑን በአፍንጫዋ ልትነካ
ተጠጋች፤ በቀኝ ዓይኗ ቅሪት ፍርግርጉን ስትለካ።
«ይቺ ዓይን ታያለች?»
«አታይም» አልኳት።
«ታለቅሳለች?»
«አታለቅስም።»
«ታዲያ የኔ በምኗ ናት?»

ዝም አልኩ።
«ይኼ ድር፣ ይኼ ማግ፤ መሃሉን ጠቅጥቀህ
ጠርዙን አሳስተሃል። ጨርቅ ምኑን አውቀህ!
ዳሩ ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል፤ አጥብቀው።
መሃሉ ለራሱ ያውቃል፤ ጠርዙን ነው የምትጠብቀው።»

ያን ሌሊት፣ ነጩ ከብሌኑ በሚገጥምበት ዳር
ፍርግርጉን አደቀቅኩት፤ መጀመሪያ እንደ ወንፊት፣ ኋላም እንደ ሐር።
ስሌቱ አነጋ። የፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ
ቁጥሩ ወጣ፦ ከላይ አይደለም፣ ከጎን ይቆረጥ።

ዶክተር ዘነቡ ወረቀቴን አነበበች፣ አጠፈች።
«ወረቀት አይደማም» አለች፤
ግን ከጎን ቆረጠች።

ፋሻው በተፈታ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ውርጭ ነበር።
እልልታ ጠብቄያለሁ፤ ቢቀር እንባ፣ ቢቀር ክብር።
ጦይባ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ ክንዴ ጎንበስ አለች፤
ሹራቤን በሁለት ጣት ያዘች፦
«ክር ወጥቶብሃል። እንዳትስበው» አለች።

ሐረጎን ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ፣ ክሩን አልነካሁትም።
ቀኟ ቀርቷል።
ማታ መብራት ካለ እጀምራለሁ፤
እዚህ መቶ ጊዜ ሳላጠፋው
እዚያ አንዴ አይድንም።