ውሃ ልክ

ብድሩን ላሳድስ፣ ቤቱ ዳግም ሊገመት፣
ሦስት ወር ለፋን፣ እኔ፣ ኢፍቱና አብዶሽ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት።
የፊተኛው ገማች፣ ባጃጇን የገዛሁ ጊዜ፣
ስምንት መቶ ሺህ ብሎኝ ሄደ፤ አልወጣልኝም ትካዜ፤
"ኮርኒስ የለው፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ቆርቆሮ" አለና፣
ቃሉን እንደ ዕዳ ይዤው ኖርኩ፣ ስድስት ዓመት ሆነና።

እናም ሴራሚክ ገባ፤ የመጋላ ነጋዴ በዱቤ የሰጠኝ፣
ጂፕሰሙ ተሰቀለ፤ የኢፍቱን አምባር ያስሸጠኝ።
የብረት በር ቆመ፤ እኔው ነኝ የበየድኩት፣
ሌሊት ሌሊት፣ ከሥራ መልስ፣ ዓይኔን በእሳት ያቀላሁት።
ከሁሉ ግን ገንዘብ የበላው ግንቡ ነው፣
በደቻቱ በኩል፣ ሁለት ሜትር ቁልቁል፣ አፈር የዋጠው።

አብዶሽ ሴራሚክ ሲያነጥፍ፣ ውሃ ልኩን አጋድሞ፣
አረፋዋ መሐል እስክትገባ፣ እስትንፋሱን አቁሞ፣
"አቦ፣ ቤት ይዋሻል፣ ሰው ይዋሻል፤ ይቺ ግን አትዋሽም፤
ወለልህ ላይ ብይ ቢቀመጥ፣ ወዴትም አይሸሽም።"

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግን፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣
ቡናማ መስመር ነበር፣ ከበር እስከ መስኮት ተስሎ፤
ያን ሌሊት ደቻቱ ገብቶ፣ ፍራሹን፣ ፍየሏን፣ የሮዳን ሱቅ ጠራርጎ፣
ሲወጣ የፈረመው ነው፣ ግድግዳዬን ወረቀት አድርጎ።
ሦስት እጅ ቀለም ቀባነው።
ሦስት ቀን ጠፋ።
በአራተኛው እንደ ላብ ከውስጥ ወጣ።
ሶፋውን አስጠጋንበት። አጠረ።

መሐንዲሱ መጣ። ያፌት ይባላል፤ ልጅ እግር፣ ጨዋ።
በቀይ ጨረር እየለካ፣
"የጓሮው ክፍል ካርታው ላይ የለም።" ዜሮ።
"ግንቡስ?" አልኩት። "አፈር ውስጥ ነው፤ አይታየኝም" አለ አቀርቅሮ።
ኒሟ ጥላ ሥር ወንበር ስቦ፣ ላቡን ጠራርጎ፣
"ዛፍ እንኳ አንገምትም" አለኝ፣ ጀርባውን ግንዷ ላይ አድርጎ።
አራት መቶ ሺህ አፍስሼ፣ በልቤ ሳሰላ፣
ግማሹ እንኳ አልተመለሰም፤ ጉልበቴ ላላ።

ሳሎን ገባ። ጣቱን በግድግዳው ላይ አስኬደ።
"ይሄ መስመር ምንድን ነው?"
ምራቄን ዋጥኩ። አብዶሽ ወደ ውጭ ሄደ።
ኢፍቱ ግን መዋሸት አታውቅም፤
"የውሃ ልክ ነው" አለች።

"ጎሽ!" አለ ልጁ፣ ፊቱ በርቶ፤ "ዘንድሮ ማን በውሃ ልክ ይሠራል?
ሁሉም በዓይኑ ይገምታል፣ ግድግዳው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።"
ጻፈ። አሰመረበት። የሥራ ጥራት፦ ከፍተኛ።
ልታርመው አፏን ስትከፍት
በዓይኔ ለመንኳት።

ባንኩ አጸደቀ። ገንዘቡ ገባ።
ዛሬ ማታ በሐረር ተራሮች በኩል መብረቅ ይበራል፤
እዚህ ጠብታ የለም፤ ደቻቱ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይመቱበታል።
አብዶሽ የረሳውን ውሃ ልክ አንስቼ
መስመሩ ላይ አጋደምኩት።
አረፋዋ መሐል ቆመች።
ወንዙም ግንበኛ ኖሯል።

ኢፍቱ የልጆቹን ጫማ ከሴራሚኩ ላይ እያነሳች
ቁም ሳጥን አናት ላይ ትደረድራለች።
ማንም አላዘዛትም።