ለሰው አይሰጥም

ሴጌድ ሳይነቃ ገና፣ ቲሳ ወንዝ ጉም ለብሶ፣
ቦሮካ ደረሰች፤ መረቁ ደፍርሶ
ጠርሙሱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያርፍም፤
ሽታው የረጠበ ካልሲ ነው፤ ግድ የላትም።

በአንዲት ጠብታ ውስጥ እልፍ አእላፍ ነፍስ አለ፤
አንዱም ሰው አላየ፣ አንዱም «ሰው» አላለ፤
ግን ሁሉም በሆዱ፣ በክብ ክር አትሞ፣
ይኖራል የጉበት ቃላችንን ተሸክሞ።
ምስጢሩ አልገባውም፤ ዳዊት እንደሚደግም
እንደ ትንሽ ተማሪ፣ ይላል እንጂ አይጠይቅም።
ባክቴሪያ እናቱ ናት፣ ማሕፀን የውሰት፤
ስም አላወጣችም፣ አላየች የሱን ፊት።

በመጀመሪያው ክረምት፣ በሠላሳ ሰባት፣
በሰው ገላ ሙቀት፣ «ቶሎ ውለጂ» ብላት፣
መልኩን ሳይጨርስ፣ እየተጣደፈ፣
እርስ በርሱ ታንቆ፣ ተቋጥሮ፣ ረገፈ፤
ከቱቦው ሥር ቀረ፣ እንደ ኖራ አተላ፣
ሥራ የማያውቅ፣ በውኃ የማይላላ።
የቸኮለ፣ ይላሉ፣ አፍሶ ይለቅማል።
እሷ ሦስት ወር ለቀመች።

አንድ ዓርብ፣ ደክሟት፣ ሁሉ ሰው ሲሄድ፣
ሙቀቱን ዝቅ አደረገች፤ ዐሥራ ስድስት፤ ብርድ።
«ላሻን» አለች ለጠርሙሱ። ቀስ በል ማለት ነው፤
ለእናቷ ውሻም እንዲህ ነው የምትለው።
ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል፣ በብርዱ፣ በዝግታ፣
ሲታጠፍ አደረ፣ እንደ ደብዳቤ፣ ቦታ ቦታ
እየያዘ፤ ብረቱን በልቡ ቀበረ።
ዓምዱን ስታጥበው፣ ሁሉ ፈሶ፣ እሱ ቀረ፣
በስድስት ጣት ጭራው ኒኬሉን ጨብጦ።
ስክሪኑ ላይ መስመሩ ወጣ ሽቅብ ቧጥጦ።
ይሠራል።
አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ።

ከዚያ ጽሑፍ መጣ፤ በየቱቦው ሆድ ላይ፣
ከስሙ በታች፣ ቀይ፣ የሚለጠፍ፣ እንዲታይ፦
«ለምርምር ብቻ። ለሰው አይሰጥም።»

የወንድሟ ልጅ ዦምቦር ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ድንች በግራም መዝኖ፣ ጽፎ የሚበላው።
አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ለሱ መርዝ ነው፤ ጉበቱ
ያን አንድ ቃል ስቶ ነው የወጣው ከእናቱ።
«አንቺ ትሠሪዋለሽ?»
«አዎ።»
«የሰውን?»
«የሰውን።»
«ታዲያስ?»
«ደምህ አያውቀውም፤ ያደገው ሌላ ቤት ነው»
አለችው። እውነት ነው።
እውነት ግን አይበላም።

እሑድ ቤተ ሙከራ ይዛው ሄደች፤ አሳየችው፤
ከጠረጴዛዋ ላይ ምን እንዳነሣ ግን አላየችው።

ሰኞ ጠዋት ወንድሟ ደወለ፣ እየሳቀ፦
«ፍሪጄን መጥተሽ እዪ።»
አይቡ ላይ፣ ቋሊማው ላይ፣
በወተቱ ካርቶን፣ በእንቁላሉ በያንዳንዱ፣
ቀዩ ወረቀት፣ ትንሽ ተጣሞ፦
ለሰው አይሰጥም።
ለሰው አይሰጥም።
ሳቀች። ከዚያ አየች፤
ድንቹ ላይ ብቻ ምንም አልተለጠፈም።