ባለዕዳው ጻድቅ

ሰኔ ሲገባ ኬረላ፣ ወንዙ አጥሩን ሲያልፍ፣
ሕዝቡ በታንኳ ይጎርፋል፣ ከመቃብሩ ሊሰለፍ፤
መካኗ በቀይ ክር፣ ዕውሩ በሰው ትከሻ፣
ነጋዴው ቁንዶ በርበሬ፣ ተማሪው የፈተና ማስታወሻ፣
የአባ ኢቱፕን ድንጋይ በዘይት እየዳበሰ
«አማልዱኝ» ሲል ያመሻል፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ እየደረሰ።

ኩንጄሊ ግን አትሰለፍም።
በጎን በር ትገባለች፣ ጃንጥላዋን ታራግፋለች፣
ሁሉ «አንቱ» የሚላቸውን እሷ «አንተ» ትላለች፦
«ስማ እንጂ ኢቱፕ፣
ዛሬም መጣሁ፤ ያው ስለዚያች ሦስት ሩፒ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር፤
ገና ሻማ ሳይበራላቸው፣ ገና በእግራቸው ሲዞሩ፣
በኮሌራው ዓመት፣ ሌሊት፣ ከባሏ ሱቅ ተበደሩ፤
ለበሽተኛ ሩዝና ጨው፣ ሦስት ሩፒ ብቻ ናት፣
«ለፋሲካ እከፍላለሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙላት።
ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤
ዕዳ ያነሳ አልነበረም፣ አስከሬኑ አበባ ለበሰ።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሰኔ።
ባሏ ሞተ፣ ሱቁ ፈረሰ፣ ጎርፍ ሁለቴ ቤቷን ወሰደ፤
ወረቀቷ ግን አለች፣ ጫፏን ብቻ ምስጥ ቀደደ።
«ልጄ ኩዌት ነው፤ ወር ሆነው ድምፁ ከጠፋ፤
ባለዕዳዬ አይደለህ? ሂድ ፈልገው፣ እዚህ አትንሰራፋ!»

ምራቷ ሶሳማ፣ አዲሱ ጸሎት ቤት የምትሄደው፣
«ሙት ምን ይሰማል?» ስትላት፣
«ዕዳ ያለበት ሰው አይሞትም ልጄ» ብላ ዝም አለቻት።

ዘንድሮ ገበዙ ኮሺ፣ በእንግዳ ፊት አፍሮባት፣
ከሙዳየ ምጽዋቱ ቆጥሮ ሦስት ሩፒ አመጣላት፤
ወለዱንም ጨምሮ። «እንቺ እማማ፣ ይበቃል፤
ጻድቅን እንደ ሱቅ ደንበኛ መጨቅጨቅ ያሳቅቃል።»

ሳንቲሙን አየችው። እሱንም አየችው።
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።
«ምን በደልኩህ ኮሺ?
ለእናንተ ገድል አላቸው፣ ኪዳን አላቸው፣ ተአምር፤
የእኔ ኪዳን ይህች ብጣሽ ናት፣ በእጁ የጻፋት ቁጥር።
ዛሬ ከተከፈለችኝ፣ ነገ ልጄ ቢታመም፣
በምን አፌ ልጥራው? ሰልፍ ልይዝ ነው እኔም?»

ሳንቲሙን ወደ ሙዳዩ መለሰች፤ አንድ ባንድ፣ ቃጭ፣ ቃጭ።
ኮሺ መጥረጊያውን አንስቶ ወጣ።
እሷም በዘይት በወዛው ድንጋይ ላይ ጎንበስ አለች፣
ለጎረቤት ምስጢር እንደሚነገር፣ በቀስታ፦
«አትስማው ኢቱፕ።
ፋሲካ ገና ነው።»