ጉልበት

ሌሊት ሸማኔ ነው፣ ከሰዓት ኳሰኛ፣
የጨርቃ ጨርቁ ልጅ፣ አበጋዝ ግራ እግረኛ።
ከፈረቃው ወጥቶ፣ ሜዳ ሲደርስ ሮጦ፣
ጸጉሩ ላይ ነጭ ብናኝ፣ ጥጡ ተቀምጦ፤
"ሽማግሌው መጣ!" ይላል ደጋፊው ሲሳለቅ፣
ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጢም እንኳ የማያውቅ።
ኳስ እግሩ ስትገባ፣ ሳቁ ይቋረጣል፤
እንደ መወርወሪያ፣ ድሩን ሾልኮ ይወጣል።

ሐረጎን በአይሱዙ፣ ሽቅብ ተጭነን፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ስትቀበለን፣
እኔ ጎሉ ውስጥ ነኝ፣ ከሩቅ ነው የሰማሁት፤
ደረቅ እንጨት መሰለኝ፣ አጥንት ነው አላልሁት።
በቃሬዛ ሲወጣ፣ ባለጋራው ሁሉ፣
ቆሞ አጨበጨበ፣ ከዳር ዳር በሙሉ።
"ከስብራቱ ይልቅ፣ ያ ነው ያስለቀሰኝ"
አለኝ ከዓመታት በኋላ፣ በወሬ ሲያጫውተኝ።

"ጉልበትህ አልቋል" ቢለው፣ ሐኪም ፊልሙን ይዞ፣
"የትኛው?" ብሎ ሳቀ፣ ጥቂት ተክዞ ተክዞ።

ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ።
ፊሽካውን አሰረ፣ በሽመና ክፍል ክር፣
አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በቦርከና ዳር።
"ጎበዝ" የሚባል ቃል፣ ካፉ አይወጣም፤
ጥሩ ከሠራህ ዝም፤ ካጠፋህ ግን ሐረጎን
በእግርህ ትወጣታለህ፣ መኪና አይመጣም።
"ኳስን አትከተላት፤ እንደ እንግዳ ቁጠራት፤
የምትመጣበት በር ላይ፣ ቀድመህ ቁምና ጠብቃት።"

የገዛ ልጁን ሙሄን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ተቀያሪ ወንበር ላይ አኖረው፤
"ገና ነህ" ነው ቃሉ።
ልጁ አንድም አልመለሰ፤ ታኬታውን ጠቅልሎ፣
ደሴ ሄዶ ፈረመ፣ "እዚያስ ልሞክር" ብሎ።

የመልሱ ጨዋታ፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣
ሙሄ ቀድሞ ቆመ፤ ኳሷ መጣች በቃ።
መረባችን ተንቀጠቀጠ።
እኛ ራሳችንን ስንይዝ፣
የፋብሪካው ሹም ከወንበሩ ሲነሳ፣
አበጋዝ ብቻውን አጨበጨበ።
"አየኸው?" አለኝ፣ እኔን ምክትሉን፣
ክንዴን ጨምድዶ ይዞ፣
"አየኸው? ጠበቃት!"

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር፣ አንድ ማኅተም።

አሁን የሰፈር ልጆች፣
ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲመጣ፣
"ሽማግሌው መጣ" ይላሉ፤
ማንም አይስቅም።
እጁን ወደ ጸጉሩ ይሰዳል፣ ያራግፋል።
ጥጡ አልረግፍ ብሏል።