መልስ

ታንልዊን የተባለው ወንዝ ባሕሩን ከሚያገኝበት፣
ሞላምያይን ላይ፣ ከኮረብታው አናት፣
ወደ ፓጎዳው ከሚያወጣው ደረጃ
አርባኛው ላይ ነው የኔ መሸጫ፣ የኔ ማርጃ።

ወፍ እሸጣለሁ።
ድንቢጦች ናቸው፣ በቀርከሃ ቅርጫት የታጨቁ፣
ጎሕ ሲቀድ ከሩዙ ማሳ ዳር በመረቤ የተነጠቁ።
ምእመኑ ይመጣል፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣
ስለታመመ ልጁ፣ ስለሞተች እናቱ ተክዞ፣
አንዷን ይገዛና፣ አንዳች አጉተምትሞ መዳፉን ይከፍታል፤
ወፏ ትበራለች። ጽድቅ ለሱ ይጻፍለታል።

ለኔስ?
ፈቺው እንዲፈታ አሳሪ መኖር አለበት፤
የሱን ጽድቅ ያበጀሁለት እኔ ነኝ፣ በኔው ኃጢአት።
ደግሞም ወፏ ለምዳኛለች፤
ማታ ለጥሬዬ ብላ ወደ መረቤ ትመለሳለች፤
በማግስቱ ዳግም ትሸጣለች፣ ዳግም ነፃ ትወጣለች።
አንዲት እግረ ሰባራ አለች፣ ሰባት ጊዜ የሸጥኳት፤
መነኩሴው ኡ ኬላሳ ሳቁና አሉኝ፦
«ዓለም ብለው የሚጠሩት ይቺው ናት።»

ኒላር ባለቤቴ ያረፈች ለት፣
ከሩዝ ድስቷ ቂጥ በጣቴ ጠረግሁ ጥላሸት፣
ከግራ ጆሮዋ ጀርባ፣ ቀስ ብዬ፣ ምልክት አኖርሁባት።
በኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል፤ ነፍስ ስትመጣ ሌላ ሥጋ ለብሳ፣
አሮጌው ጥላሸት ከአዲሱ ገላ ይገኛል፣ እንዳትረሳ።
«ተመለሽ» አልኋት በጆሮዋ፤ «የትም ይሁን፣ በማንም ቤት፣
ብቻ እዚሁ ሰፈር ተመለሽ፤ ብቻ ልይሽ ለአንዲት ሰዓት።»

ሦስት ክረምት አለፈ።
የዓሣ ነጋዴዋ የዶ ሴይን ምራት ወንድ ልጅ ወለደች፤
ገላውን ስታጥብ ጠራችኝ፣ «ና እስቲ እይ ይህን» አለች።
ከግራ ጆሮው ኋላ፣ የጣት አሻራ የምታህል ጥቁረት።
ጉልበቴ ከዳኝ። እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩበት።

ዛሬ አራት ዓመቱ ነው፤ ሶ ፓይን ይሉታል።
ዓሣ አይበላም። (እሷም አትበላም ነበር።) ነጎድጓድ ይፈራል።
አንድ ቀን በኮልታፋ አፉ፣
«ማበጠሪያዬስ?» ይለኛል።
የሰንደል እንጨት ማበጠሪያዋ፣ ከሣጥኔ ግርጌ ያለው፣
ለማንም አሳይቼው የማላውቀው!

«ኒላር» ልለው አፌ ላይ ደረሰ።
ዋጥኩት። ስሟም መረብ መሰለኝ፤ ጥላሸቱም ክር፣ በእግሯ ያሠርኩባት፤
ጥሬ በትኜ እንደማጠምዳት ወፍ፣ በናፍቆቴ የጠራኋት።
ኡ ኬላሳ ኒርቫናን ሲያስረዱኝ በጀልባ ይመስሉታል፦
«ሌላው ሁሉ ደርሶ መልስ ይቆርጣል፤
አንዱ ብቻ የመሄጃውን ይከፍላል።»
እውነቱን ልናገር?
ያን ማዶ እንድትረግጥ አልሻም ነበር።
ተፈትታ ከምትርቀኝ ታሥራ ትቅረበኝ ባይ ነው፣ የኔ ፍቅር።

ባለፈው ታዲንጁት፣ ጨረቃ ሞልታ፣ ደረጃው በሻማ ሲጥለቀለቅ፣
ልጁ ብቻውን መጣ፣ አንድ የገንዘብ ኖት ጨብጦ፣ በላቡ እስኪላሽቅ።
«ያቺን» አለ፤ እግረ ሰባራዋን። አውጥቼ ሰጠሁት።
ደረቱ ላይ ያዛት፤ የማን ልብ እንደሚመታ እንጃ፣ ሸሚዙ ሲርገበገብ አየሁት።
ምንም አልጸለየ። ጣቶቹን ብቻ ፈታ፣ አንድ በአንድ፤
ወንዙን አቋርጣ ሄደች፣ ዞር ሳትል፣ በማላውቀው መንገድ።

ቆጥሬ ስዘረጋለት ደረጃውን ይወርዳል።
«ሶ ፓይን! መልስህን!»
ዞረ። የግራ ጆሮውን አከከ።
«መልስ አልፈልግም» አለኝ።

ማበጠሪያው እስካሁን ከሣጥኔ ግርጌ ነው።
መረቤንም ያን ማታ ዘረጋሁ፤ ሩዝ ውድ ነው፣ ሌላ ሙያ አላውቅ።
እግረ ሰባራዋን ግን፣ አደርኩ
እንዳትመጣ እየለመንኩ፣ እንድትመጣ ስጠብቅ።